ዳቦው ያልቃል፣ ፉሉ ይተርፋል

በአዲስ አበባ፣ በተለይም በፒያሳና በአካባቢዋ ባሉ ቁርስ ቤቶች፣ ፉልና ዳቦ እኩል አያልቁም። አንድ ሰሃን ፉል ከሁለት ዳቦ ጋር ይመጣል፤ ዳቦው ያልቅና ፉሉ ይተርፋል። «አንድ ዳቦ ጨምሪልኝ» ይባላል። የተጨመረው ዳቦ ሳይጋመስ ሰሃኑ ተጠርጎ ያበራል። ያን ጊዜ ተመጋቢው ወይ ደረቁን ዳቦ በሻይ እያራሰ ይውጣል፣ ወይ «ትንሽ ፉል አስጨምሪልኝ» ይላል። ትንሽ የተባለው ፉል ትንሽ ሆኖ አይመጣም፤ በነጻም አይመጣም። እሱን ለመጨረስ ደግሞ ዳቦ ያስፈልጋል።

በዚህ ነገር የሂሳብ መምህራን ሳይቀሩ በየጠዋቱ ይረታሉ። መፍትሔውን የሚያውቅ ካለ የቁርስ ቤቱ ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ለመናገር የሚያስቸኩለው ጉዳይ የለም።

ፒያሳ የቁርስ ሰፈር የሆነችው ገበያና ቁርስ ስለማይለያዩ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ አራዳ በሚለው ስሟ ብቻ ስትታወቅ፣ የከተማዋ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰዱት። ጦሩ ተሸንፎ ከወጣ በኋላም አገሩን የለመዱ ጣሊያኖች በከተማዋ ቀርተው ጋራዥ፣ ምግብ ቤትና ኬክ ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። የቡና ማሽኑም ቀረ። ከወራሪው እጅ ከተረፈው ዕቃ ሁሉ እስከ ዛሬ በየማለዳው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ እሱ ነው፤ ነጋ አልነጋ በእንፋሎት ይጮኻል፣ የሚፈራው ግን የለም።

ፉሉ የገባው በሌላ በር ነው። ከሱዳንና ከቀይ ባሕር ማዶ መጥቶ፣ ከባቄላ ጋር ከጥንት የሚተዋወቅ አገር ስላገኘ ሳይቸገር ተቀመጠ። የከተማው ሰው በየሰፈሩ ጥግ የየመን ነጋዴዎች ከከፈቷቸው ሱቆች ስኳርና ክብሪት ሲገዛ ኖሯልና ከዚያ ወገን ለመጣ ነገር ባዕድነት አልተሰማውም። ሰርዲንና ፓስታን የተቀበለ ሆድ ባቄላን የሚመልስበት ምክንያት አልነበረውም።

የሰፈሩ ቁርስ የሚጀምረው ግን ከሁለቱም ቀደም ብሎ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው ለልጅ ልጅ የሚቋጥሩትን የሚገዙ እናቶች፣ ሲጠብቁ ያደሩ ዘበኞች፣ ድምፃቸው ገና ያልተከፈተ የሚኒባስ ረዳቶች አንዲት ምድጃ ዙሪያ ይገናኛሉ። ዘይቱ ውስጥ ፓስቲ እየተገላበጠ ያብጣል፤ ጎኑ ደግሞ መሐሉ የተበሳው ቦምቦሊኖ ስኳር ለብሶ ተደርድሯል። ሻዩ ቅርንፉድና ቀረፋ አለበት። መቀመጫ ቢኖር የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነው፤ የማይለዋወጥ ወዳጅነት የሚመሠረትበት ከፍታም ይኸው ነው።

ፓስቲ የሚጠቀለለው ብዙ ጊዜ በተማሪ ደብተር ወረቀት ነው። ስለዚህ ቁርሱ ንባብ አለው። ዘይት የጠጣው ወረቀት ሲዘረጋ «የፎቶሲንተሲስን ትርጉም ጻፍ» የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩ በእርሳስ የተሞከረ መልስ፣ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ 4/10 ይገኛል። የማያውቁት ልጅ ውጤት በባዶ ሆድ ያሳዝናል። መልሱን አርሞ የሚበላ ዘበኛም አይጠፋም።

ከዚህ ቀጥሎ ቡና ነው። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ፣ ቡና እየቆላ የሚሸጥና የሚያፈላ ቤት ነው። ሽታው በሩን ሳይጠብቅ መንገዱን ያዳርሳል። የፒያሳው ቤት መለያ ቡናው ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ የሚጠጣ መሆኑ ነው። ቆሞ መብላት ነውር ነው ተብለው፣ አንዳንዴም በኩርኩም ተነግሯቸው ያደጉ አዛውንቶች እዚያ ገብተው ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አንጠልጥለው ይቆማሉ። የተከለከለው መብላት እንጂ መጠጣት አይደለም የሚል ትርጓሜ ሳይወጣለት አልቀረም።

በባዶ ሆድ ቡና መጠጣት ሌላው ክርክር ነው። በየቤቱ እናቶች ቡናን ያለ ቆሎ ወይም ያለ ዳቦ አያቀርቡም፤ ጨጓራ ይልጣል ይላሉ። ስለዚህ ቶሞካ የገባ ሰው ቁርስ እንደ በላ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ያልበላውም እንደ በላ ሆኖ ይጠጣል። ለጨጓራው መልስ የሚሰጠው በኋላ ነው።

ተቀምጦ መጠጣት የሚፈልግ ወደ ካፌና ኬክ ቤት ይሄዳል። እዚያ ማኪያቶ ማዘዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዱ ጠቆር ያለ ይላል፤ ሌላው ነጣ ያለ፤ ሦስተኛው ወተቱ ያልበዛ፣ አረፋው ያላነሰ፣ ደግሞ በጣም ያልጋለ። አስተናጋጁ ምንም ሳይጽፍ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ «ሦስት ማኪያቶ!» ብሎ ይጮኻል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ። ደንበኞቹ የየራሳቸውን ለይተው ያነሳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ «አዎ፣ እንዲህ ነው» ይላሉ።

ከማኪያቶው ጋር ኬክ ይመጣል። የሰፈሩ የኬክ ስም ለብዙ ዓመታት ኤንሪኮ ነበር፤ ሚልፎኒው ቶሎ ስለሚያልቅ ከተማው ማለዳ የሚሰለፍበት ቤት። ሚልፎኒ በሹካ ሲነካ ክሬሙ ወደ አንድ ወገን፣ ቅርፊቱ ወደ ሌላ ወገን ይሸሻል፤ ክራቫት ያሰረ ሰው በክብር ሊበላው የሚችል ነገር አይደለም። ሆኖም የዚህን ሰፈር ኬክ የሚያዘወትሩት ክራቫት የሚያስሩት ናቸው። ጡረታ የወጡ ጸሐፊዎች፣ ደላሎች፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላቸው ባለጉዳዮች አንድ ማኪያቶ ይዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። ጽዋው ከደረቀ ቆይቷል፤ ግን እንዳይነሣ በእጅ ተይዟል። ባዶ ጽዋ ከተነሣ «ምን ልጨምር?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና።

ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የፉል ነው። ባቄላው ሌሊቱን በትልቅ ድስት ሲንተከተክ ያድራል፣ ጠዋት ይደቆሳል፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይለብስና ትኩሱን ይቀርባል። ይህ ኖርማሉ ነው። ስፔሻሉ እንቁላል ይጨመርበታል፤ እንደ ቤቱ እርጎ ወይም አቮካዶም ይኖረዋል። ስፔሻል ያዘዘ ሰው ኖርማል ካዘዘው ጓደኛው ጋር ሲቀመጥ ሰሃኑን በክንዱ ከለል ማድረጉ የተለመደ ነው።

ፉል በሊታዎች በጠባያቸው ይለያያሉ፣ ልዩነቱም ከትዳር በፊት ቢታወቅ ይበጃል። አንዳንዱ ሰሃኑ እንደ ቀረበ ማንኪያ ያነሳና እንቁላሉን፣ ቲማቲሙን፣ ዘይቱን አንድ ላይ አማስሎ መልኩን ያጠፋዋል። ሌላው ከዳር ጀምሮ በጥንቃቄ እየቆረሰ፣ እንቁላሉን ለመጨረሻ እያቆየ ይበላል። ሁለቱ አንድ ሰሃን ሲካፈሉ ነገር ይመጣል። አማሳዩ ማንኪያውን ሲያነሳ አቆዪው «ተው እስቲ!» ይላል፤ ካለም በኋላ ስስታም እንዳይባል ይደነግጣል። እንቁላሉ መሐል ላይ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ሁለቱም አይነኩትም። «ብላው እንጂ»፣ «ኧረ አንተ ብላው»፣ «በሞቴ!» ይባባላሉ። በመጨረሻ አንደኛው ጠቅልሎ ለሌላው ያጎርሳል፤ የጎረሰው ያመሰግናል፣ ያጎረሰው ግን እስከ ምሳ ድረስ ያንን እንቁላል ያስባል።

ቃሪያው የተለየ ምዕራፍ ይገባዋል። «ያቃጥላል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ኧረ አያቃጥልም» ይባላል። ይህን መልስ የሚሰጠው አስተናጋጅ ቃሪያውን ቀምሶት አያውቅም። ምናልባት የሚጠየቀው ስለ ቃሪያው ሳይሆን ስለ ደንበኛው ወንድነት ይመስለዋል። ያመነው ሰው እንባው እየወረደ «ደህና ነው» ይላል፣ ዳቦ ያስጨምራል፤ እዚህ ላይ ነው የዳቦና የፉሉ ሂሳብ ጨርሶ የሚበላሸው።

ፉል ያልፈለገ እንቁላል ያዛል፦ ፍርፍር ወይም ስልስ። እንቁላል በሰፈሩ ከሁሉ የሚዘገየው ምግብ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ የለም፤ በሦስት ደቂቃ የሚበስል ነገር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ምናልባት የተፈጠረው ከወጥ ቤቱ እስከ ጠረጴዛው ያለውን መንገድ ባየ ሰው ነው። ደንበኛው ያጨበጭባል፤ አስተናጋጇ ከሩቅ «እየመጣ ነው!» ትላለች። አጠራሩም እንደ ረሃቡ ይለያያል፤ መጀመሪያ «እህት»፣ ትንሽ ቆይቶ «የኔ እመቤት»፣ ሲብስ ደግሞ በስም የለሽ ሳል።

ጨጨብሳ የተሻለ ዕድል አለው። ከኦሮሞ ማጀት የመጣው ይህ ቁርስ ቂጣው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፤ አንዳንዱ ቤት ማር ከጎን ያስቀምጣል። የበላው ሰው ወዲያው ሥራ መግባት የለበትም፤ ስብሰባ ከሆነ ግን ይቻላል። ቅንጬ የሐኪም ትእዛዝ ያለባቸው የሚያዙት ነው፣ በቅቤ ታሽቶ ሲመጣ ግን ትእዛዙ ይረሳል። ገንፎ በካፌ መብላት አሁን ተለምዷል፤ ሆኖም አንዳንድ ወንዶች ሲያዝዙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አራስ ጥየቃ የሄዱ ይመስላቸዋልና። የትናንቱን እንጀራ በቋንጣ አፍርፍሮ የሚያቀርብ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለው። ዱለት ከልኳንዳ ቤቶች ጓዳ ይገኛል፤ በማለዳ ዱለት የሚበላ ሰው ወይ ትናንት ሠርግ ነበረው ወይ ዛሬ ሥራ የለውም።

እዚህ ላይ ቀን መቁጠሪያ መግባት አለበት። በዚህ ከተማ ቁርስ የሚወሰነው በምግብ ዝርዝሩ ብቻ አይደለም። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፣ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ነነዌ አለ። አጥብቆ የሚጾመው እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ የላላው ጠዋት ይበላል፣ ግን ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት አይነካም። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት በፊት በልቶ እስከ ማታ ይውላል። ፕሮቴስታንቱ በሳምንቱ ቀን አይገደብም፤ ይልቁንስ የጾም ጸሎት የያዘበት ቀን ለማንም ሳይነገር ድንገት ይመጣል። ሥጋ ከሆነ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የአንዱን እርድ አንዱ አይበላም።

አንድ ቢሮ የሚሠሩ አራት ሰዎች ረቡዕ ጠዋት ቁርስ እንብላ ብለው ሲወጡ እነዚህ ሁሉ ደንቦች አብረዋቸው ይወጣሉ። አንደኛው እንቁላል አዝዞ ሲያበቃ «ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» ይላል፤ ትእዛዙ ይሰረዛል፤ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ የሚገርመው እንዴት እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ አራቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ይቀራል፦ ቅቤና እንቁላል የሌለው፣ በዘይት ብቻ የተሠራ ባቄላ። ሥጋ የለውም፣ ስለዚህ ማን አረደው አይባልም። ጾም አያስገድፍም። ዋጋውም ብዙ አያጣላም። ፉል ፒያሳን የያዘው ከጣዕሙ ይልቅ በዚህ ነው፤ ቂጣውንም ኬኩንም ሥጋውንም የሚጠሉ ሰዎች ባይኖሩም፣ ሁሉም በአንድ ማለዳ ሊበሏቸው አይችሉም።

ካፌዎቹም መላ አላጡም። የጾም ኬክ አለ። ወተት ለማይነካ ሰው ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ ተቀይጦ ስፕሪስ ይሆናል፤ ሁለቱን መጠጦች ለየብቻ የሚወድ ሰው ሲያየው ቅር ይለዋል፣ ከጠጣው በኋላ ግን አይቃወምም።

የቁርስ ቤቶቹን አድራሻ መስጠት ከባድ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለኮሪደር ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሰፈር ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ዳርቻዎች ተዛውሯል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ለምልሟል፣ መብራቱም ደምቋል። ነገር ግን በዚህ ከተማ መንገድ የሚነገረው በምልክት ነውና «ከፎቶ ቤቱ አለፍ ብለህ፣ ጫማ ጠጋኙን ስታገኝ ወደ ውስጥ» የተባለ ሰው አሁን ፎቶ ቤቱንም ጫማ ጠጋኙንም አያገኝም። ነባር ደንበኞች የፉል ቤታቸውን ባለቤት ስልክ ይዘው የት እንደ ገባ ያፈላልጋሉ። ዘመድ ሲጠፋ ይህን ያህል አይደወልም ያሉ ሚስቶች አሉ።

እሑድ የተለየ ነው። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው 3 ሰዓት ገደማ ላይ ጾም የሌለበት ሳምንት ከሆነ በሙሉ ሥልጣን ያዛል፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ድረስ የሚበላው ቁርስም ምሳም ነው። ይህን የአበላል ሰዓት ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ከሁሉ በላይ ይወደዋል። ዘመድየው እሑድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቤተሰቡን ሰብስቦ ለመጋበዝ ያስባል። ቤተሰቡ 1 ሰዓት ላይ በልቷል፤ ይሁን እንጂ የእንግዳ ግብዣ አይገፋምና ሁለተኛ ቁርስ ይበላል። ተመልሶም ለእንግዳው ክብር ተብሎ የተሠራው ዶሮ ምሳ ላይ ይጠብቀዋል። እንግዳው «ምሳውን እኮ በልተናል» ይላል። አክስቱ ይህን አባባል የሰማችው አትመስልም።

ለእንዲህ ያለው ግብዣ ቦሌ ፓንኬክና ክሩዋሳን ያላቸው ካፌዎች ደርድራለች፤ ወንበራቸው ይመቻል፣ ዋጋቸው ግን ምግቡን ቀስ ብሎ ማኘክ ያስገድዳል። ፒያሳን የመረጠ ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይሄዳል። በእቴጌይቱ የተሠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ታድሷል። ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ማንም አይቸኩልም። ቀትር ላይ የሚዘረጋው የጾም ቡፌው በተለይ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። ጠዋት ቡና ይዞ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ከታገሠ ሳይነሣ ምሳ ላይ ይደርሳል፤ ቁርስን ከምሳ ለማገናኘት የተሻለ ዘዴ በሰፈሩ የለም።

የትም ይበላ የት መጨረሻው ሒሳብ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ አይነገርም፤ መናገር ነውር ነው። አስተናጋጇ ደረሰኙን ስታመጣ ሁለት ሰዎች ይነሣሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ አንዱ የሌላውን ኪስ ይዘጋል። «በእናትህ!»፣ «አይሆንም!»፣ «ባለፈው አንተ አይደለህ እንዴ!» ይባላል። የማያውቅ ሰው ቢያይ ገላጋይ ይጠራ ነበር። ልምድ ያለው ተጋባዥ ግን ትግሉ ላይ የሚያወጣውን ኃይል ይመጥናል፤ በጣም ከታገለ ሊያሸንፍ ይችላል።

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ትግሉ ቀንሷል። የሚይዙት ብር የለም፤ ስልክ ደግሞ እንደ ልብ አይነጠቅም። ሁለቱ ሲገፋፉ ሦስተኛው ሰው እጅ ልታጠብ ብሎ ተነሥቶ ካሸሯ ጋ ቆሞ ይከፍላል። ተመልሶ ሲቀመጥ ምንም አይናገርም። አስተናጋጇ «ተከፍሏል» ስትል ሁለቱ ታጋዮች ኮታቸውን እያስተካከሉ ይወቅሱታል፣ ይቆጡታል፣ «እንዲህ አይደረግም» ይሉታል። ቁጣቸው ከልብ መሆኑ እንዲታወቅም ለነገው ቁርስ እዚያው ይቀጣጠራሉ፤ ማን እንደሚከፍል ግን አይናገሩም።